ኮድ እያለ ፓኬት ለምን ይጠፋል? ከአንገረብ እስከ ፒያሳ፣ 433 ሜጋኸርዝ

ቀሃ_ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። በፌዲንግ (የሬዲዮ ሲግናል መዋዠቅ) እና በኮዲንግ (ስህተት ለማረም ተጨማሪ ቢት መላክ) ላይ የሠራችሁ ሰዎች ይህችን እዩልኝ።

የውኃ ታንከር ደረጃና የፓምፕ ሁኔታ የሚልክ ቋሚ ሊንክ ነው። ላኪው በአንገረብ በኩል ዳገቱ ላይ ነው። ተቀባዩ ጎንደር ፒያሳ፣ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት አጠገብ። በቀጥታ ቢለካ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን አይተያዩም፣ መሐል ላይ ጉብታና ፎቆች አሉ።

የሬዲዮ ሞጁሉ ሲሲ1101፣ 433.92 ሜጋኸርዝ፣ ጂኤፍኤስኬ (ቢቱን በፍሪኩዌንሲ ለውጥ የሚያስተላልፍ ሞዱሌሽን)፣ በሰከንድ 9.6 ኪሎ ቢት፣ ዴቪዬሽን (ፍሪኩዌንሲው ከመሐሉ የሚርቀው) 19 ኪሎኸርዝ፣ የመቀበያ ፊልተር 58 ኪሎኸርዝ። የላኪው ኃይል 10 ሚሊዋት። ፓኬቱ ቋሚ 24 ባይት ሲደመር 2 ባይት ሲአርሲ (ስህተት መኖሩን ማጣሪያ)፤ የቺፑ ኤፍኢሲ (ስህተት አራሚ ኮድ) በርቷል። በዚህ ሁሉ አንድ ፓኬት አየር ላይ የሚቆየው ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። በየደቂቃው አንድ ይላካል። አማካይ አርኤስኤስአይ (የሚደርሰው ሲግናል ጥንካሬ) −92 ዲቢኤም፤ ጠረጴዛ ላይ በአቴንዩዌተር (ሲግናል ማዳከሚያ) ሲለካ መቀበያው እስከ −106 ይይዛል። ስለዚህ 14 ዲቢ ማርጂን (ትርፍ ጥንካሬ) አለ።

ሲሙሌሽኑ በዚህ ማርጂን ምንም መጥፋት የለበትም ይላል። በተግባር ግን ከ100 ፓኬት 4 ገደማ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ተከታትለው ይጠፋሉ። ጥያቄዬ፦

1. ጠንከር ያለ ኮድ ልጻፍ? ኮንስትሬይንት ሌንግዙ (የኮዱ ትውስታ ርዝመት) 7 የሆነው ኮንቮሉሽናል ኮድ ከቪተርቢ ዲኮደር ጋር፣ ወይም ኤልዲፒሲ የሚባለው ሌላ ጠንካራ ኮድ?
2. ሞዱሌሽኑን ወደ ቢፒኤስኬ (ቢቱን በሞገዱ ፌዝ የሚያስተላልፍ) ብቀይር ይሻላል?
3. ወይስ ፓኬቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ኢንተርሊቨር (የቢቶችን ቅደም ተከተል የሚያቀያይር) ላስገባ?

ሲግናልና_ጫጫታ፦

ወንድሜ፣ 4 በመቶው አያስገርምም፤ ሂሳቡም ያንኑ ነው የሚሰጠው።

የሚተያይ መንገድ ከሌለ አንቴናህ ላይ የሚደርሰው ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከግድግዳና ከማዶው ዳገት ተንጸባርቆ የመጣ የብዙ ቅጂ ድምር ነው። ቅጂዎቹ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። ይህ ሬይሌይ ፌዲንግ ነው፤ የሲግናሉ ኃይል ኤክስፖኔንሺያል ስርጭት ይይዛል። 14 ዲቢ ማለት 25 እጥፍ ነው። ኃይሉ ከአማካዩ 25 እጥፍ በታች የመውረድ ዕድሉ 1 − ኢ^(−1/25) ነው፤ 3.9 በመቶ። ያየኸው ቁጥር ይኸው።

በዚሁ ቀመር ማርጂኑ 10 ዲቢ ቢሆን 9.5 በመቶ፣ 20 ቢሆን 1 በመቶ፣ 30 ቢሆን 0.1 በመቶ ይጠፋል። ጭማሪው በጣም ስስታም ነው፤ ኃይልህን አሥር እጥፍ አድርገህ ጥፋቱን አሥር እጥፍ ብቻ ትቀንሳለህ። ፌዲንግ በሌለበት ቻናል ግን ሁለትና ሦስት ዲቢ መጨመር ብቻውን ከብዙ ስህተት ወደ ምንም ስህተት ያሻግራል። ሲሙሌሽንህ ያሳየህ ያንን ነው።

አሁን ወደ ኮዱ። የሲሲ1101 ኤፍኢሲ ሬቱ ግማሽ (ለአንድ የመረጃ ቢት ሁለት ቢት የሚልክ)፣ ኮንስትሬይንት ሌንግዙ 4 የሆነ ኮንቮሉሽናል ኮድ ነው። ኢንተርሊቨሩ 4 በ4 ሰንጠረዥ ነው፤ በእያንዳንዱ ሳጥን 2 ቢት፣ በድምሩ 32 ቢት። በ9600 ቢት ይህ 3.3 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። እስቲ ከቻናሉ ፍጥነት ጋር አስተያየው። የሞገዱ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር ነው። ተቀባዩ ራሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ባጃጅ ላይ ቢሆን እንኳ ዶፕለሩ (በእንቅስቃሴ የሚመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) 12 ኸርዝ፣ ኮሄረንስ ታይሙ (ቻናሉ ሳይለወጥ የሚቆይበት ጊዜ) ደግሞ 0.423 ሲካፈል ለ12፣ ማለትም 35 ሚሊ ሰከንድ ይሆን ነበር። የአንተ ሁለቱም ጫፎች ቆመዋል፤ የሚንቀሳቀሰው ከታች የሚያልፈው ባጃጅና ሚኒባስ፣ ንፋስ የሚያወዛውዘው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ቻናሉ ከዚያም ይቀዘቅዛል፣ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሳይለወጥ ይቆያል። ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል ሲግናሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ሊቀመጥ ይችላል። ተከታትለው የሚጠፉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ 50 ሚሊ ሰከንድ የሚረዝመው ፓኬትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያየው አንድ ፌድ ነው። ወይ ሙሉው ደህና ነው፣ ወይ ሙሉው ሰምጧል።

ለ3ኛው ጥያቄ፦ ፓኬቱ ውስጥ ያለ ኢንተርሊቨር፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ የሰመጡ ቢቶችን እዚያው ከሰመጡ ቢቶች ጋር ነው የሚያቀያይራቸው። ምንም አይጨምርም።

ለ1ኛው፦ ጠንካራ ኮድ ማርጂን ይጨምራል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። አሁን ካለው በ3 ዲቢ የሚሻል ጻፍክ እንበል። ማርጂንህ 17 ዲቢ ይሆናል፣ ጥፋቱም 2 በመቶ። ኤልዲፒሲ ዲኮደር ጽፈህ፣ ምናልባት ማይክሮ ኮንትሮለሩንም ቀይረህ፣ ያገኘኸው ግማሽ ነው።

ለ2ኛውም መልሱ ያው ነው። በሬይሌይ ቻናል ላይ፣ ጋማ አማካይ የሲግናል ለጫጫታ ጥምርታ ከሆነ፣ ፌዝ የማይከተል ኤፍኤስኬ የቢት ስህተቱ 1/(2+ጋማ) ነው። ዲፒኤስኬ (ፌዙን ከቀዳሚው ጋር የሚያነጻጽረው) 1/(2(1+ጋማ))። ፌዝ የሚከተል ቢፒኤስኬ በግምት 1/(4 ጋማ)። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ልዩነት 6 ዲቢ ነው። ሦስቱም ግን በየ10 ዲቢው አሥር እጥፍ ብቻ ነው የሚወርዱት። ሞዱሌሽን መስመሩን ወደ ግራ ይገፋል እንጂ ቁልቁለቱን አይለውጥም።

ቁልቁለቱን የሚለውጠው ዳይቨርሲቲ ብቻ ነው፤ ያው መረጃ እርስ በርስ በማይያያዙ ሁለት ፌዶች እንዲያልፍ ማድረግ። ሁለት ቅጂ ቢኖርህ ሁለቱም አብረው የሚሰምጡበት ዕድል 0.039 በ0.039፣ 0.15 በመቶ ነው። ይህንኑ በኃይል ብቻ ልግዛ ብትል 28 ዲቢ ማርጂን ያስፈልግሃል፤ ከ10 ሚሊዋት ወደ 250 ሚሊዋት ማለት ነው።

ኮድ ዳይቨርሲቲን አይፈጥርም፤ ቻናሉ ውስጥ ካለ ይሰበስባል። ጂኤስኤም የአንድ ድምፅ ፍሬም ቢቶችን በ8 በርስት (አጭር ስርጭት) ላይ የሚበትነውና በርስቶቹን በፍሪኩዌንሲ የሚያዘልላቸው ለዚህ ነው። የዋይፋይ ኦኤፍዲኤምም (ቻናሉን በብዙ ጠባብ ፍሪኩዌንሲዎች የሚከፍለው) ኮዱን በብዙ የመረጃ ንዑስ ተሸካሚዎች ላይ ይዘረጋዋል፤ ጥቂቶቹ ቢሰምጡ ሌሎቹ ያወጡታል። በቲዎሪውም ታሪክ ይኸው ነው የታየው። ኡንገርቦክ በ1982 ያወጣው ትሬሊስ ኮድ ሞዱሌሽን (ኮድና ሞዱሌሽንን ያጣመረ) ፌዲንግ በሌለበት ድንቅ ነበር። ትይዩ መንገድ ያላቸው ኮዶቹ ግን ሬይሌይ ላይ በአንዲት የሰመጠች ሲምቦል (በአንዴ የሚላክ የሞገድ ምልክት) ይሳሳታሉ። ዘሃቪ በ1992 ኢንተርሊቨሩን ከሲምቦል ወደ ቢት ደረጃ ሲያወርደው ነገሩ ተገለበጠ፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ሥርዓቶች ያንን መንገድ ነው የተከተሉት።

ኮድ ከመምረጥህ በፊት የምትጠይቀው ይህን ነው፦ አንድ ኮድወርድ (በኮዱ አንድ ላይ የተያያዘ የቢት ስብስብ) ስንት ነጻ ፌድ ያያል? የአንተ አንድ።

ዲኮደር፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ እኔ ሲሙሌሽኑ ላይ ልጨምር፣ እዚያ ብዙ ሰው ይወድቃል።

የቻናሉን ኮኢፊሸንት (ፌዲንጉን ወክሎ ሲግናሉን የሚያባዛው ቁጥር) ስታመነጭ ሁለቱን ጋውሲያን ቁጥሮች፣ እውነተኛውንና ምናባዊውን፣ በ√2 አካፍል። ካላካፈልክ አማካይ ኃይሉ 2 ይሆንና በነጻ 3 ዲቢ ታገኛለህ። መሥራቱን የምታረጋግጠው ኮድ በሌለው ቢፒኤስኬ ነው፦ በ10 ዲቢ 0.0233፣ በ20 ዲቢ 0.00248 መውጣት አለበት። ፌዲንጉን ብታጠፋው በ10 ዲቢ 0.0000039 ይሆናል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሳይገጥሙልህ ኮድ አታስገባ።

ሁለተኛው ወጥመድ ለእያንዳንዱ ቢት አዲስ ነጻ ኮኢፊሸንት ማመንጨት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ፍሪ ዲስታንሱ (ሁለት የኮድ ቅደም ተከተሎች ቢያንስ የሚለያዩበት የቢት ብዛት) 10 የሆነው 133 እና 171 ኮድ፣ ያው ኮንስትሬይንት ሌንግዙ 7 የሆነው፣ አሥር ደረጃ ዳይቨርሲቲ ያገኝና ግራፉ ገደል ይሆናል። ያ ግን ፍጹም ኢንተርሊቨር ያለው ሥርዓት ነው። ለአንተ ሊንክ ለአንድ ፓኬት አንድ ኮኢፊሸንት ነው የምታመነጨው። ከዚያ ከቢት ስህተት ይልቅ የፓኬት መጥፋትን ቁጠር፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቢያንስ 100 የጠፋ ፓኬት እስክታይ አትቁም።

ሬቱ ግማሽ ከሆነ የአንድ ኮድ ቢት ጉልበት የአንድ መረጃ ቢት ጉልበት ግማሽ ነው። ይህን 3 ዲቢ ሳይቀንስ የሚያወዳድር ሰው ኮዱ ከሆነው በላይ ይመስለዋል።

የሶፍት ዲሲዥን ነገርም አለ፤ ለዲኮደሩ ዜሮ ወይም አንድ ብቻ (ሃርድ) ከመስጠት ይልቅ ቢቱ ምን ያህል እንደሚታመን ጭምር መስጠት ማለት ነው። ለቢፒኤስኬ ዲኮደሩ የሚፈልገው 4 ጊዜ የ(ኮኢፊሸንቱ ኮንጁጌት ሲባዛ በተቀበልከው) እውነተኛ ክፍል፣ ሲካፈል ለጫጫታው ኃይል ነው። ብዙ ሰው ፌዙን ካስተካከለ በኋላ በኮኢፊሸንቱ ያካፍልና የተገኘውን እንዳለ ለቪተርቢ ይሰጣል። ያን ጊዜ ከጉድጓድ የወጣ ቢትና ከጉብታ የወጣ ቢት እኩል ድምፅ ያገኛሉ፣ ዲኮደሩም ጫጫታውን ያምናል። ፌዲንግ በሌለበት ከሶፍት ወደ ሃርድ መውረድ 2 ዲቢ ገደማ ነው የሚያስከፍለው። ኢንተርሊቭ በተደረገ ሬይሌይ ላይ ግን ዳይቨርሲቲውን ራሱን በግምት ለሁለት ይከፍለዋል፣ ፍሪ ዲስታንስ 10 የነበረው እንደ 5 ይሠራል። የአንተ ቺፕ የሚያወጣው ዜሮና አንድ ብቻ ስለሆነ በራስህ የምትጽፈው ኮድ ሁሉ ሃርድ ዲሲዥን ነው፤ 1ኛው ጥያቄህን የበለጠ ውድ የሚያደርገው ይህ ነው።

የአዘዞ_ሬዲዮ፦

ቲዎሪውን እነሱ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ዕቃው ልናገር።

መጀመሪያ የጠፉት ሁሉ በፌዲንግ መጥፋታቸውን አረጋግጥ። ለእያንዳንዱ ፓኬት አርኤስኤስአዩን ከተራ ቁጥሩ ጋር መዝግብ፣ በፓኬቶች መሐልም ባዶውን ቻናል ለካ። ከጠፋው በፊትና በኋላ ያሉት −102፣ −104 ከሆኑ ፌድ ነው። በዙሪያው −90 እያለ ሲአርሲው ከወደቀ ሌላ ሰው ቻናሉ ላይ አለ፤ 433.92 የመኪና ቁልፍና የበር ሪሞት ሁሉ የሚጮህበት ቦታ ነው። ወይም ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ሸሽቷል።

ስለ መሸሽ ከተነሳ፣ 58 ኪሎኸርዝ ፊልተር ጠባብ ነው። የሲግናልህ ስፋት ሁለት ጊዜ 19 ሲደመር 9.6፣ ወደ 48 ኪሎኸርዝ። ክሪስታሉ ±20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20) ከሆነ በ433 ላይ 8.7 ኪሎኸርዝ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ ቢሸሹ 17። ይህ በሁለቱም ጎን ሊሆን ስለሚችል 48 ሲደመር 34፣ 82 ኪሎኸርዝ። የቺፑን 102 ኪሎኸርዝ ፊልተር ምረጥ። የጫጫታው ጭማሪ 2.4 ዲቢ ነው፤ ካልፈለግክ ዴቪዬሽኑን ቀንስ ወይም ያንተን ሞጁሎች ልዩነት ለክተህ በሶፍትዌር አስተካክል። ዳገቱ ላይ ያለው ሳጥን ሌሊት እንደሚቀዘቅዝና ቀን ፀሐይ እንደሚመታው አትርሳ።

ቀጥሎ ሲንክ ወርድ (የፓኬቱን መጀመሪያ የሚያሳውቀው የቢት ምልክት)። ኤፍኢሲ የሚጠብቀው መረጃውን ብቻ ነው፤ ፕሪአምብሉ (ከሲንኩ በፊት የሚላከው ማዘጋጃ) እና ሲንኩ ራቁታቸውን ናቸው። ሲንኩ ካልተያዘ ዲኮደሩ አይጀምርም። በተቃራኒው 15 ከ16 (ከ16ቱ የሲንክ ቢት 15 ከገጠመ ይበቃል) የሚለውን ሞድ የመረጥክ እንደሆነ ጫጫታው ብቻውን በሰከንድ ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ሲንክ ይመስላል፣ መቀበያው ቆሻሻ ሲያነብ እውነተኛው ያልፈዋል። 30 ከ32 የሚለውን አድርገው። ሁለት ቢት ስህተት ይታገሣል፣ የሐሰት ጥሪውም በ14 ደቂቃ አንዴ ገደማ ነው።

አንቴና፦ ለ433 የሩብ ሞገድ ዘንግ በስሌት 17.3 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በተግባር 16.5 አካባቢ ይቆረጣል። ከሥሩ አራት ራዲያል ሽቦ ከሌለው የኮአክስ ኬብሉ ራሱ አንቴና ይሆናል። የመስኮቱ ፍሬም ብረት ከሆነ ወደ ውጭ አውጣው። ምንም ሳትገዛ ልትሞክረው የምትችለው ነገር ደግሞ አለ፤ አንቴናውን ወደ ጎን በ17፣ ከዚያም በ35 ሳንቲ ሜትር አንቀሳቅሰህ አማካዩን ተመልከት። የቆመ ጉድጓድ ውስጥ ከነበረ ወዲያው ታየዋለህ።

ዳይቨርሲቲው፦ ሁለተኛ ሲሲ1101 ግዛ፣ ከመጀመሪያው 35 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ አርቀህ በራሱ አንቴና አቁመው፣ ሁለቱን በአንድ ኤስፒአይ (የቺፖች መገናኛ መስመር) ላይ በተለያየ ቺፕ ሴሌክት አንብብ፣ የተደገመውን በተራ ቁጥሩ ጣል። በሕንፃዎች መሐል ስላለህ ግማሽ ሞገድ ይበቃል። ከፍ ያለ ማማ ላይ ቢሆን ሲግናሉ ከጠባብ ማዕዘን ስለሚመጣ ብዙ ሞገድ ርቀት ይፈልግ ነበር። ሁለት አንቴናን በስፕሊተር አገናኝተህ ወደ አንድ መቀበያ አታስገባ፤ ያኔ ሁለቱ ተደምረው ሌላ አዲስ ፌድ ይፈጥራሉ እንጂ ምርጫ አይኖርህም። አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን አግድም ብታደርግ ደግሞ ጎን ለጎን ቢቆሙም ይሠራል።

ድጋሚ መላክ ካሰብክ፣ በ10 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሚደገም ፓኬት እዚያው ፌድ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ከ2 እስከ 5 ሰከንድ በዘፈቀደ ጠብቅ፣ ስትደግምም ፍሪኩዌንሲ ቀይር።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ይኼ ነው። ደረጃው 2 ባይት፣ ፓምፑ 1 ባይት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ፓኬት የአሁኑንና ያለፉትን ሁለት ንባቦች አስገባ፤ 9 ባይት ነው፣ በ24ቱ ውስጥ ይገባል። አንድ ንባብ የሚጠፋው ሦስት ተከታታይ ፓኬት ሲጠፋ ብቻ ይሆናል። ፌዶቹ ነጻ ቢሆኑ ከ100,000 ውስጥ 6 ነው። በእርግጥ ሌሊት ቻናሉ ስለሚቆም ነጻ አይደሉም፤ ስለዚህ በየደቂቃው በ433.3፣ በ433.9 እና በ434.5 እየተዘዋወርክ ላክ። ይህ ዘዴ ለንባብ ነው፤ ፓምፕ አጥፋ ለሚል ትዕዛዝ ግን ማረጋገጫ ያለው መላላክ ነው የሚያስፈልገው።

የፍሪኩዌንሲ ፈቃዱን ጉዳይ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቅ።

ጎሐ_ማማ፦

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሎራ (ለረጅም ርቀት የተሠራ የሬዲዮ ሞዱሌሽን) አድርገው፣ ስፕሬዲንግ ፋክተር (ሲግናሉ በጊዜ የሚዘረጋበት መጠን) 12፣ አለቀ።

ሲግናልና_ጫጫታ፦

ሎራው ይሠራል፣ 12ቱ ግን አያስፈልግም።

በ125 ኪሎኸርዝ ስፋትና በ6 ዲቢ ኖይዝ ፊገር (መቀበያው ራሱ የሚጨምረው ጫጫታ) የጫጫታው ወለል −117 ዲቢኤም ነው። ስፕሬዲንግ ፋክተር 9 ከጫጫታው በ12.5 ዲቢ ዝቅ ብሎ ያነባል፣ ስለዚህ −129 ገደማ። በአንተ −92 ላይ ማርጂኑ 37 ዲቢ፣ ጥፋቱ 0.02 በመቶ ነው። ይህ ማርጂንን በጊዜ መግዛት ነው፤ በሰከንድ 9.6 ኪሎ ቢት የነበረው ወደ 1.8 ይወርዳል። 24 ባይት 206 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ በደቂቃ አንዴ ለሚልክ ምንም አይደለም። በ12 ግን 20 ባይት ብቻ 1.32 ሰከንድ አየሩን ይይዛል፤ ሁለትና ሦስት ላኪ ሲጨመር እርስ በርስ ይጋጫሉ። ፒያሳ ላይ ደግሞ የቻርጀሩና የኤልኢዲው መብራት ጫጫታ ወለሉን ስለሚያነሳው በወረቀት ያለውን −129 ሙሉውን አትጠብቅ።

የሎራን ኮድ በተመለከተ ስሙ አያታልልህ። ሬቱ 4/5 የሆነው ስህተት መኖሩን ያውቃል እንጂ አያርምም፤ 4/7 እና 4/8 በአንድ ኮድወርድ አንድ ቢት ያርማሉ። ኢንተርሊቨሩ ሰያፍ ስለሆነ አንዲት ሲምቦል ስትሰምጥ ከእያንዳንዱ ኮድወርድ አንድ ቢት ብቻ ነው የሚበላሸው፤ አቀማመጡ ብልህ ነው። ነገር ግን በ4/8 አንድ ብሎክ 8 ሲምቦል ነው፤ በ12 ያ 262 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ፌዱ ከአንድ ሲምቦል በላይ ከቆየ ኮዱ አቅም የለውም። ለቆመ ሊንክ ጥቅሙ ማርጂኑ ነው እንጂ ኮዱ አይደለም።

ደምቢያ_ሜዳ፦

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ያው ፌዲንግ ስለሆነ። ከጎርጎራ በጣና ውኃ ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የ5.8 ጊጋኸርዝ ሊንክ ቢታሰብ፣ ሁለቱም ጫፍ ከውኃው 30 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በግልጽ የሚተያይ። ኦኤፍዲኤምና ኤልዲፒሲ ያለው ዕቃ ከሆነ ፌዲንጉን አይችለውም?

ሲግናልና_ጫጫታ፦

አይችለውም፤ ምክንያቱም የሚሰበስበው ነገር የለም።

እዚያ ያለው ሬይሌይ አይደለም፤ አንድ ቀጥተኛ ሞገድና ከውኃው የተንጸባረቀ አንድ ሞገድ ነው። የመንገዳቸው ልዩነት ሁለት ጊዜ 30 በ30፣ ሲካፈል ለ10,000፣ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። በጊዜ 0.6 ናኖ ሰከንድ። ስለዚህ የ20 ሜጋኸርዙ ንዑስ ተሸካሚዎች በሙሉ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ኮዱ በንዑስ ተሸካሚዎቹ ላይ ቢዘረጋም ያው አንድ ፌድ ነው የሚያየው። የአየሩ ሙቀትና የሐይቁ ከፍታ በተለዋወጠ ቁጥር ጉድጓዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ጠዋት ደህና የነበረው ከሰዓት በኋላ ይሰምጣል።

እዚያ ዳይቨርሲቲው ያለው በከፍታ ነው። ሁለተኛውን አንቴና ከመጀመሪያው በታች በሞገድ ርዝመት ጊዜ ርቀት፣ ሲካፈል ለአራት ጊዜ የማዶው ከፍታ አስቀምጠው፦ 0.052 ጊዜ 10,000 ሲካፈል ለ120፣ 4.3 ሜትር። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ሌላው ጉብታ ላይ ይሆናል። ይህንኑ በ433 ላይ ብታሰላው 58 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ የማይሆን ነገር ነው። ሞገዱ ውኃውን በጣም ዝቅ ባለ ማዕዘን ስለሚነካው ፖላራይዜሽን (አንቴናውን ከቀጥ ወደ አግድም) መቀየርም እምብዛም አያድንህም። የሚቻል ከሆነ አንዱን ጫፍ ወደ ኋላ አድርገው፣ የሚንጸባረቀው ነጥብ ውኃው ላይ ሳይሆን ዛፍ ያለበት ዳርቻ ላይ እንዲያርፍ።

ቀሃ_ዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሎራ መግዛቱ ለጊዜው አይሆንም፤ ያሉኝ ሲሲ1101 ናቸው፣ አንድ መጨመር እችላለሁ። እንግዲያው ኤፍኢሲውን ልተወው ወይስ ላጥፋው? ላኪው ላይ ሁለት አንቴና አድርጌ አላሙቲን (ከሁለት አንቴና የሚላክ ኮድ) መሞከርስ?

ዲኮደር፦

አላሙቲ (1998) ተቀባዩ የሁለቱንም መንገድ ኮኢፊሸንት፣ ፌዙን ጨምሮ እንዲያውቅ ይፈልጋል። ሲሲ1101 ያንን አይሰጥህም፤ ተወው።

ኤፍኢሲውን በተመለከተ እስቲ በአንድ ዓይነት የአየር ጊዜ እናወዳድር። ብታጠፋው ፓኬቱ ከፕሪአምብልና ከሲንክ ጋር 34 ባይት፣ 28 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ብትልከው 57፣ አሁን ካለህ እምብዛም አይበልጥም። ኮዱን ማጣት 3 ዲቢ ቢያስከፍልህ ማርጂኑ 11 ዲቢ ይቀራል፣ የአንዱ ቅጂ ጥፋት 7.6 በመቶ። ሁለቱ ቅጂዎች በተለያየ ፌድ ካለፉ ግን ሁለቱም የመጥፋታቸው ዕድል 0.58 በመቶ ነው። ከ3.9 ጋር አስተያየው። ተራ መድገም ኮዱን ከስድስት እጥፍ በላይ በለጠው።

ለዚህ ቅጂዎቹን በሁለት ፍሪኩዌንሲ፣ ለምሳሌ በ433.3 እና በ434.5 ትልካለህ፤ ፍሪኩዌንሲዎቹም በበቂ መራራቅ አለባቸው። ዲሌይ ስፕሬዱ (ቅጂዎቹ የሚደርሱበት የጊዜ መበታተን) 1 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ ኮሄረንስ ባንድዊድዙ (አብሮ የሚወጣና የሚወርደው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) 200 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፣ 1.2 ሜጋኸርዝ መራራቅ ከበቂ በላይ ነው። ማዶው ዳገት ርቆ ካላንጸባረቀና 0.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ከሆነ 1 ሜጋኸርዝ ይሆናል፣ ያኔ ጥቅሙ ይሳሳል። ስለዚህ የሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች አርኤስኤስአይ ጎን ለጎን መዝግበህ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው አብሮ ይወርድ እንደሆነ እይ።

የአዘዞ_ሬዲዮ፦

ሁለተኛውን ሞጁል ካመጣህ አንዱን መቀበያ 433.3 ላይ፣ ሌላውን 434.5 ላይ አቁማቸው፣ አንቴናዎቹንም 50 ሳንቲ ሜትር አራርቃቸው። ላኪው ቅጂውን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይልካል፤ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር ካሊብሬሽኑ 1 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ፍሪኩዌንሲው ባይለያይ አንቴናው ይለያያል፣ አንቴናው ባይለያይ ፍሪኩዌንሲው። ኤፍኢሲውን ስታጠፋ በላኪውም በተቀባዮቹም ላይ አጥፋ፤ አንዱ ላይ ብቻ ከቀረ ሲንኩ እየተያዘ ሲአርሲው ሁልጊዜ ይወድቃል፣ አርኤስኤስአዩም ጤነኛ ስለሚመስል ቶሎ አይያዝም።